«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»፦ ከደጅ ጥናት እስከ ምርጫ ቅስቀሳ

ይህቺን አባባል ብዙ ጊዜ የምንሰማት አንድ ባለሥልጣን በሙስና ሲያዝ ነው። «ምን ያድርግ!» ይባልና ይሳቃል። ትርጉሟ ግልጽ ነው፤ ወንበሩ ላይ ሳለህ ካልተጠቀምክ ስትወርድ ይቆጭሃል። የሌብነት ፈቃድ አድርገው የሚጠቅሷት አሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሰውየው ከመሾሙ በፊት ያወጣው ገንዘብ ነው።

በድሮው ሥርዓት ሹም የወር ደመወዝ አልነበረውም። የሚኖረው ከተሾመበት አገር ነው። ገባሩ እህሉን፣ ማሩን፣ ሙክቱን ያስገባለታል። ሹመቱም ቢሆን በነጻ አይገኝም። ፈላጊው ደጅ ይጠናል፤ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት። እስከዚያ ስንቅ ያስፈልጋል፣ በቅሎ ያስፈልጋል፣ የሚከተሉት አሽከሮችም መብላት አለባቸው። ትልቅ ሰው ፊት ባዶ እጅ አይቀረብምና ለጌታው እጅ መንሻ ይያዛል፤ ለሚያስገባው አጋፋሪም እንዲሁ የሆነች ነገር። ከራሱ ካጣ ይበደራል። ስለዚህ ገና ሳይሾም ባለዕዳ ነው። በዚያ ላይ ሹም ሽር አለ፤ ዘንድሮ የተሾመ ለከርሞ መቆየቱን በምን ያውቃል? ያወጣውን ቶሎ መመለስ አለበት፤ የሚመልሰውም ከገባሩ ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ አገረ ገዢዎች ደመወዝተኛ ሆኑ። አባባሏ ግን ሥራ አልፈታችም። ሥልጣን ጋ ለመድረስ ዛሬም ወጪ አለ።

ዛሬ ደጅ የሚጠናው መራጩን ነው፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ። ፖስተሩ፣ ቲሸርቱ፣ ሞንታርቦ የተጫነበት መኪና፣ ነዳጁ፣ የወኪሎች አበል ሁሉ ብር ነው። የእኛ አገር የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ይህን ያውቃል። ፓርቲ ከአባላት መዋጮ፣ ከኢትዮጵያውያን ስጦታና ከመንግሥት ድጋፍ ያገኛል። ከውጭ ዜጋ፣ ወይም ማንነቱ ካልታወቀ ሰው መቀበል ክልክል ነው። ሂሳቡም ተመርምሮ ለምርጫ ቦርድ ይቀርባል። ጥሩ ሕግ ነው። እንደኔ ችግሩ በጥሬ ብር የማይሰጠው ነገር ነው። የመሥሪያ ቤት መኪናና አዳራሽ፣ በሥራ ሰዓት ለስብሰባ የሚወጣ ሠራተኛ በየትኛው ደረሰኝ ይመዘገባል?

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በዚያው አገር የምርጫ ገንዘብ ሕግ ውስጥ በቀጥታ አላችሁበት። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በፌዴራል ምርጫ መምረጥ አይችልም፤ ለተወዳዳሪ ገንዘብ መስጠት ግን ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2025–2026 የምርጫ ዙር አንድ ግለሰብ ለአንድ የፌዴራል ተወዳዳሪ መስጠት የሚችለው በአንድ ምርጫ እስከ 3,500 ዶላር ነው። የፓርቲው ውስጥ ማጣሪያና ዋናው ምርጫ ለየብቻ ይቆጠራሉ። በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ከ100 ዶላር አያልፍም። የአንድ ሰው መዋጮ ተደምሮ ከ200 ዶላር ከበለጠ ስሙ፣ አድራሻውና ሥራው ይመዘገባል፤ ሪፖርቱን ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ከፍቶ ማየት ይችላል። አጋፋሪው የተቀበለውን በአደባባይ እንደማንበብ ነው።

አጥሩ ግን ትልቅ በር አለው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ሱፐር ፓክ የሚባሉት፣ ለምርጫ ቅስቀሳ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ቡድኖች ከተወዳዳሪው ጋር እስካልተማከሩ ድረስ የፈለጉትን ያህል ሰብስበው ማውጣት ይችላሉ። «እስካልተማከሩ» የምትለዋን ለማመን ትንሽ የዋህ መሆን ይጠይቃል።

ለትንሹ ሰው ግን ሕጉ አይቀልድም። በሌላ ሰው ስም መስጠት ወንጀል ነው። ዘመድዎ «እኔ አልችልምና በአንተ ስም ይግባ፣ ገንዘቡን እኔ እሰጥሃለሁ» ካለዎት ይሉኝታ አይያዝዎ። ሰጪውም፣ እያወቀ ስሙን ያዋሰውም ይጠየቃሉ።