የሪፐብሊካን ፓርቲ የኢሚግሬሽን ክፍፍል ከ2008 ምርጫ በፊት

በ2008 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዋዜማ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሪፐብሊካን ፓርቲ በኢሚግሬሽን ጉዳይ ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። የክርክሩ እምብርት አንድ ጥያቄ ነው፦ በአገሪቱ ያለ ወረቀት ይኖራሉ ተብለው የተገመቱት 12 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ምን ይደረጉ? «ቅጣት ከፍለው፣ ተራቸውን ጠብቀው ወረቀት ያግኙ» የሚለው ጎራ አቅም ያነሰው አልነበረም። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ፣ የፓርቲው ጠቅላላ ሊቀመንበር ሴናተር ሜል ማርቲኔዝ፣ በመጨረሻም የፓርቲው ዕጩ የሆኑት ሴናተር ጆን ማኬይን እዚያው ነበሩ። ሆኖም የተሸነፈው ይኸው ጎራ ነው።

በእኛ ሰዎች መካከል «ሪፐብሊካን ስደተኛ አይወድም» የሚለው ወሬ የተለመደ ስለሆነ ወደ ኋላ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በ1986 ለ2.7 ሚሊዮን ያህል ወረቀት አልባ ሰዎች መኖሪያ ፈቃድ ያስገኘውን ሕግ የፈረሙት ሮናልድ ሬገን ናቸው። ስንቱን ቤተሰብ ከአዲስ አበባም ከገጠርም ያስነሣው ዲቪ የተደነገገው ደግሞ በ1990 ጆርጅ ቡሽ አባትየው በፈረሙት ሕግ ነው። ሁለቱም ሪፐብሊካን ነበሩ።

የ1986ቱ ሕግ ግን ለኋላው ጠብ እርሾ ሆነ። ሕጉ በአንድ እጁ ወረቀት ሲሰጥ፣ በሌላው ወረቀት የሌለውን ሰው የሚቀጥር አሠሪ እንዲቀጣ ያዝዝ ነበር። ወረቀቱ ተሰጠ፤ የአሠሪዎቹ ቅጣት ግን ላልቶ ቀረ። ያለ ወረቀት የሚኖረው ሰው ቁጥር እንደገና ሲያሻቅብ ብዙ የፓርቲው ደጋፊዎች «ተታለናል» አሉ። ከዚያ ወዲህ በፓርቲው ውስጥ «ምሕረት» የሚለው ቃል ስድብ ሆነ። ማንኛውም ረቂቅ ይህ ስም ከተለጠፈበት አበቃለት።

የካሊፎርኒያው አገረ ገዥ ፒት ዊልሰን በ1994 ወረቀት የሌላቸውን ሰዎች ከትምህርትና ከሕክምና አገልግሎት የሚያግደውን ሕዝበ ውሳኔ ደግፈው እንደገና ተመረጡ። ሕዝበ ውሳኔው አልፎ በፍርድ ቤት ታገደ። በዚያን ጊዜም ጃክ ኬምፕን የመሳሰሉ ታዋቂ ሪፐብሊካኖች በግልጽ ተቃውመውታል። ስለዚህ ስንጥቁ ቡሽ ልጅየው ከመምጣታቸው በፊትም ነበር።

ቡሽ የቴክሳስ አገረ ገዥ ሆነው ድንበሩን በቅርብ ያዩ ሰው ናቸው። በጃንዋሪ 2004 የጊዜያዊ ሠራተኞች ዕቅድ አቀረቡ። ከጀርባቸው የእርሻ፣ የሆቴል፣ የግንባታና የሥጋ ፋብሪካ ባለቤቶች ቆመው ነበር፤ ለእነሱ ጉዳዩ የሠራተኛ እጥረት ነው። ተቃዋሚዎቹ ሕግ የጣሰ መሸለም የለበትም የሚሉ፣ የአገሬው ሠራተኛ ደመወዝ ይወድቃል ብለው የሚሰጉ፣ የአገሪቱ ቋንቋና ባህል ይለወጣል ብለው የሚፈሩም ነበሩ። እነዚህን ሦስቱን ነጣጥሎ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ሐሳብ ይዞ ሦስተኛውን የማይቀበል ብዙ ሰው ነበርና።

በዲሴምበር 2005 የተወካዮች ምክር ቤት ያለ ወረቀት መኖርን ራሱን ከባድ ወንጀል የሚያደርግ ረቂቅ አጸደቀ። በዚሁ ረቂቅ ላይ የቨርጂኒያው ሪፐብሊካን ቦብ ጉድላት ዲቪን የሚያስቀር ማሻሻያ አስገብተው ነበር። ረቂቁ በ2006 ከማርች እስከ ሜይ ባሉት ወራት ሰውን በብዙ ከተሞች አደባባይ አስወጣ። ሴኔቱ በአንጻሩ በሜይ 2006 ወረቀት የሚያስገኝ ረቂቅ በ62 ለ36 ድምፅ አሳለፈ። ከሪፐብሊካኖቹ 23ቱ ደገፉ፣ 32ቱ ተቃወሙ። አንድ ፓርቲ ሁለቱንም ምክር ቤቶች ይዞ ሁለት የሚጣረሱ ረቂቆች አወጣ ማለት ነው። የተወካዮች ምክር ቤቱ መሪዎች ሊያስታርቋቸው አልፈለጉም፤ የተስማሙበት ነገር ቢኖር በድንበሩ ላይ 700 ማይል አጥር እንዲሠራ የሚያዘው ሕግ ብቻ ነበር። ቡሽ በኦክቶበር ፈረሙት። በዲሴምበር ደግሞ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ስድስት የሥጋ ፋብሪካዎችን ባንድ ቀን ወርረው 1,300 ያህል ሠራተኞች ያዙ። በአንዳንዶቹ ፋብሪካዎች የተያዙትን ተክተው ከተቀጠሩት መካከል ሕጋዊ ወረቀት ያላቸው የሶማሊያ ስደተኞች ይገኙበታል።

ወሳኙ ፍልሚያ በጁን 2007 ሆነ። ዋይት ሀውስ፣ ከሪፐብሊካን በኩል የአሪዞናው ጆን ካይልና ማኬይን፣ ከዴሞክራት በኩል ቴድ ኬኔዲ የተደራደሩበት ረቂቅ ሴኔት ፊት ቀረበ። የፓርቲው ሊቀመንበር ማርቲኔዝም ደገፉት። ማርቲኔዝ ከኩባ በልጅነታቸው ያለ ወላጅ ወደ አሜሪካ የተላኩ፣ ስደትን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። በሌላ ወገን የአላባማው ጄፍ ሴሽንስና የደቡብ ካሮላይናው ጂም ዴሚንት ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ ተዋጉት። ከምክር ቤቱ ውጭ ደግሞ ወግ አጥባቂ የሬዲዮ አቅራቢዎች አድማጮቻቸው ወደ ሴናተሮቻቸው እንዲደውሉ በየቀኑ ይቀሰቅሱ ነበር። በድምፁ ቀን የሴኔቱ ስልክ በጥሪ ብዛት ተጨናንቆ ሥራ አቆመ። ቀደም ብሎ የሚሲሲፒው ትሬንት ሎት አገሪቱን የሚመራት ሬዲዮ ሆኗል ብለው በምሬት ተናግረው ነበር።

ጁን 28 ቀን ክርክሩን ዘግቶ ለመቀጠል 60 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ የተገኘው 46 ነው። ከሪፐብሊካኖቹ የደገፉት 12 ብቻ ናቸው። 15 ዴሞክራቶችም ተቃውመዋል። የካንሳሱ ሳም ብራውንባክ መጀመሪያ ደግፈው፣ ረቂቁ እንደወደቀ ሲያዩ እዚያው ድምፃቸውን ወደ ተቃውሞ ለወጡ። በወቅቱ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩ ሰው ነበሩ። የዚያን ዘመን የፓርቲውን ሁኔታ ከዚህች ቅጽበት የበለጠ የሚያሳይ የለም ብዬ አምናለሁ፦ ልብ ወደ አንድ ወገን፣ ድምፅ ሰጪው ወደ ሌላ።

ዕጩ የሚለይበት የፓርቲ ውስጥ ምርጫ የራሱ ጠባይ አለው። ኖቬምበር ላይ ከሚመርጠው ሕዝብ ጥቂቱ ብቻ ይመጣል፤ የሚመጣውም በጉዳዩ የተቃጠለው ነው። ስለዚህ ከዕጩዎቹ ብዙዎቹ የኖሩበትን አቋም ለቀው ወደ አንድ ጫፍ ተሽቀዳደሙ። የኮሎራዶው ቶም ታንክሬዶ ውድድሩን ሙሉ በሙሉ በዚህ አጀንዳ ላይ መሠረቱት፤ በድምፅ የትም አልደረሱም፣ የክርክሩን ቃና ግን ቀየሩት። ሚት ሮምኒ በ2005 የማኬይንን ሐሳብ ምክንያታዊ ነው ብለው ነበር፤ በ2007 ዋነኛ ነቃፊው ሆኑ። ሩዲ ጁሊያኒ የኒውዮርክ ከንቲባ ሳሉ የከተማዋ ሠራተኞች ወረቀት የሌላቸውን ሰዎች እንዳያጋልጡ የሚከላከለውን ደንብ ለማስጠበቅ የፌዴራል መንግሥትን ከስሰዋል። ለዕጩነት ሲወዳደሩ ግን ስለ አጥርና ስለ መታወቂያ ካርድ ሰበኩ። በኖቬምበር 2007 ፍሎሪዳ ላይ በተደረገው ክርክር ሁለቱ ተፋጠጡ። ሮምኒ ኒውዮርክን የወረቀት አልባዎች መሸሸጊያ አድርገሃል ሲሉ፣ ጁሊያኒ የሮምኒን ግቢ የሚያጸዱት ወረቀት የሌላቸው ሠራተኞች ነበሩ ብለው መለሱ።

ማይክ ሃካቢ የአርካንሶ አገረ ገዥ ሳሉ ወረቀት የሌላቸው ወላጆች ልጆች የኮሌጅ ድጋፍ እንዲያገኙ ሞክረዋል፤ ልጅን በወላጁ ጥፋት መቅጣት አይገባም ብለው ሲሟገቱም ተሰምተዋል። ይሁንና የፓርቲ ውስጥ ምርጫው ወደሚጀመርበት ወደ አዮዋ ሲቃረቡ እሳቸውም ወረቀት የሌላቸው ሰዎች በ120 ቀናት ውስጥ ተመዝግበው ይውጡ የሚል ዕቅድ አወጡ።

ማኬይን ከሁሉም የከፋውን ዋጋ ከፈሉ። በጁላይ 2007 የዘመቻ ገንዘባቸው ተሟጠጠ፣ ዋና ዋና አማካሪዎቻቸው ለቀቁ፤ ለዚህ የኢሚግሬሽን ረቂቁ አንድ ምክንያት ነበር። ቀጥለው መልእክቱ ደርሶኛል፣ መጀመሪያ ድንበሩ ይጠበቅ ማለት ጀመሩ። በጃንዋሪ 30 ቀን 2008፣ ኒው ሃምፕሸርንና ፍሎሪዳን አሸንፈው ዕጩነቱ በእጃቸው ሊገባ ሲል፣ የራስዎ ረቂቅ ዛሬ ቢቀርብ ይደግፉታል ወይ ተብለው በሬገን ቤተ መጻሕፍት በተካሄደው ክርክር ተጠየቁ። አልደግፈውም አሉ። ሴፕቴምበር ላይ ጉባኤው ያጸደቀው የፓርቲ ፕሮግራም ምሕረትን እንደሚቃወም በግልጽ አሰፈረ። የዕጩው ስም ያለበት ሥራ በዕጩው ፓርቲ ተወገዘ።

ኖቬምበር ላይ ማኬይን ከላቲኖ መራጮች ያገኙት 31 በመቶ ያህል ነው፤ ቡሽ በ2004 ቢያንስ 40 በመቶ ያህሉን አግኝተው ነበር። ኔቫዳ፣ ኮሎራዶ፣ ኒው ሜክሲኮና ፍሎሪዳ ከቡሽ ወደ ኦባማ ዞሩ። የኢኮኖሚው ቀውስ ዋናውን ድርሻ መያዙ አይካድም፤ ግን ከስፓኒሽ ተናጋሪው የመጣው ድምፅ በእነዚህ ግዛቶች ትንሽ አልነበረም።

ለእኛ የቀረው ታሪክ የዲቪው ነው። የጉድላት ማሻሻያ ከ2005ቱ ረቂቅ ጋር ሴኔት ሳይደርስበት ሞተ። በ2013 ማኬይን ከሰባት ሴናተሮች ጋር አዲስ ረቂቅ ይዘው ተመለሱ። ወረቀት ለሌላቸው በጣም ቸር የነበረው ይህ ረቂቅ ዲቪን የሚሰርዝ አንቀጽ ነበረው፤ ሴኔቱም በ68 ለ32 አሳለፈው። በሪፐብሊካኖች የተያዘው የተወካዮች ምክር ቤት ግን ለድምፅ እንኳ አላቀረበውም። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ከኢትዮጵያ የዲቪ ማመልከቻ መላክ የተቻለው በዚያ በተዘጋ በር ምክንያት ነው።