ዌስት ናይልን በደም ለጋሾች መከታተል፦ የአሜሪካ ልምድ

በትንኝ ከወፎች ወደ ሰው የሚተላለፈው ዌስት ናይል ቫይረስ ከሚይዛቸው 10 ሰዎች 8ቱ ምንም አይሰማቸውም። አንጎልና ነርቭ ድረስ ዘልቆ ክፉኛ የሚያሳምመው ከ150 ሰው አንዱን ያህል ነው። ስለዚህ ሆስፒታል የመጣውን ብቻ የሚቆጥር፣ ወረርሽኙን ገና አላየውም።

ቫይረሱ መጀመሪያ የተገኘው በ1937 ዩጋንዳ ውስጥ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በ1999 ኒውዮርክ ገባ።

ነገሩ የከረረው በ2002 ነው። በአሜሪካ 23 ሰዎች በተሰጣቸው ደም ቫይረሱ እንደተላለፈባቸው ታወቀ። ደም ባንኮች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በጁላይ 2003 ምርመራው አገሩን አዳርሷል፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ አንድ ዓመት ምንም ማለት አይደለም።

ምርመራው የሚፈልገው አንቲቦዲ (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን ፕሮቲን) ሳይሆን የቫይረሱን ዘረመል ነው። አንቲቦዲ እስኪመረት ቀናት ያልፋሉ፤ አደገኛው ደግሞ ያ ጊዜ ነው። ወጪ ለመቀነስ የ6 ወይም የ16 ለጋሾች ናሙና ተቀላቅሎ አንዴ ይመረመራል። ቫይረስ ከታየ እያንዳንዱ ናሙና ለብቻው ይታያል። ችግሩ፣ ጥቂት ቫይረስ ያለበት ደም ከሌላው ጋር ሲቀላቀል ይሳሳና ያመልጣል። በ2003 ወደ 6 ሚሊዮን ከሚጠጋ ደም 818 ቫይረስ ያለበት ተይዞ ቢወገድም፣ 6 ሰዎች በደም መያዛቸው ተመዝግቧል። ስለዚህ በ2004 ቫይረሱ በበዛባቸው አካባቢዎች ናሙናውን አንድ በአንድ መመርመር ተጀመረ።

ቫይረስ የተገኘበት ለጋሽ ይነገረዋል፤ ለ120 ቀናትም አይለግስም። መረጃው በጤና ቢሮ በኩል አርቦኔት ወደሚባለው ብሔራዊ መዝገብ ይገባል። ደም ባንኩ ታካሚውን ሊጠብቅ የጀመረው ሥራ የወረርሽኝ ካርታ ሆኖ አረፈው።

የለጋሾች ምርመራ ከሕመምተኞች ቀድሞ ያስጠነቅቃል ወይ? ያከራክራል። ከትንኝ ወጥመድና ከሞቱ ቁራዎች አይቀድምም የሚሉ አሉ። አንድ ነገር ግን አያከራክርም፤ ሕፃናት ደም አይለግሱም፣ ስለዚህ ቆጠራው ውስጥ የሉም።

በእኛ አገር ደም የሚመረመረው ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረስ ቢና ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ ነው። በትንኝ የሚተላለፉ ቫይረሶች ግን እኛም ጋ አሉ፤ ድሬዳዋ በ2013 ዴንጊን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን አይታለች።

በአሜሪካ ዚካም፣ ሌላው በትንኝ የሚተላለፍ ቫይረስ፣ እንደ ዌስት ናይል በለጋሾች ደም ተፈልጓል። በፖርቶ ሪኮ ምርመራው በኤፕሪል 2016 ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት መላው አሜሪካ እንዲመረምር ታዘዘ። በ2021 የዚካው ግዴታ ተነሣ። የዌስት ናይሉ ቀጥሏል።