«ብላክ ኦርኪድ» ደሴ ገብታ፦ ስለ አንድ ጨለም ያለ የሥዕል ልብወለድ የሰማኋቸው ስህተቶች

ደሴ ላይ አንድ መጽሐፍ አለችኝ። አለችኝ ማለትም ይከብዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ጋ ናት። የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ይዟት የመጣ ግራፊክ ኖቭል ነች። ስሟ «ብላክ ኦርኪድ» ነው። ኒል ጌይመን ጻፋት፣ ዴቭ ማኪን ሣላት። ሁለቱም እንግሊዛውያን ናቸው። በ1988 እና በ1989 በሦስት ክፍል ወጣች፣ በ1991 ደግሞ በአንድ ጥራዝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ እንዳንምታታ።

ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ያልተዋሳት ጓደኛ የለኝም። ስትመለስ ባዶ እጇን አትመለስም። ወይ የቡና ጠብታ ወይ አንድ የተሳሳተ አስተያየት ይዛ ትመጣለች። ጠብታውን ትቼዋለሁ። አስተያየቶቹን ግን ልመልስ።

«የልጆች ነገር አይደል? ለልጄ አውሰኝ»

ያለችኝ ጎረቤታችን ናት። «እትዬ፣ ይሄስ ይቅር» አልኳት። ቅር አላት። ምክንያቱን እዚህ ልጻፈው፣ ታነበው ይሆናል።

አንዲት ሴት ጸሐፊ መስላ የወንበዴዎች ስብሰባ ውስጥ ገብታለች። ጀግናዋ ራሷ ናት። ይነቃባታል፣ ትያዛለች፣ ወንበር ላይ ትታሰራለች። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ያየነው ፊልም ነው። ቀጥሎ ክፉው ሰው ዕቅዱን ከሀ እስከ ፐ ይተርክላታል፣ ከዚያ ብቻዋን ትቷት ይወጣል፣ እሷም ገመዱን ፈትታ ታመልጣለች ብለን እንጠብቃለን። ሰውየውም ይህን ያውቃል! እንዲህ ያለውን ታሪክ እንደሚያውቀውና ያንን ስህተት እንደማይደግመው ይነግራታል። ይተኩስባታል። ሕንፃው ይቃጠላል። ጀግናዋ ታሪኩ ሳይጀመር አለቀላት።

ይህን ለስምንት ዓመት ልጅ ማታ አንብቡለትና እንቅልፍ ሲያጣ ጥሩኝ። ሥዕል ያለው ሁሉ የልጅ ነው የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ግን ይገርመኛል፣ በተለይ እኛ አገር። ንግሥተ ሳባንና ሰሎሞንን በሳጥን በሳጥን ከፍሎ፣ ከላይ ጀምሮ እየወረደ የሚተርከውን የሸራ ሥዕል ስንቱ ሳሎኑ ሰቅሎታል? ኮሚክ ብሎ የጠራው የለም እንጂ አነባበቡ ያው ነው። የልጅ ነው ያለም አልሰማሁም።

«ገጸ ባሕርይዋን እነዚህ ሁለቱ ፈጠሯት»

አይደለም። ብላክ ኦርኪድ የተወለደችው በ1973 ነው፣ «አድቬንቸር ኮሚክስ» ቁጥር 428 ላይ። ደራሲዋ ሼልደን ሜየር፣ ሠዓሊዋ ፊሊፒናዊው ቶኒ ደዙኒጋ ነበር። ሜየር ከዚያ በፊት በ1956 የጀመረው ሥራ ስለ ሁለት አፍ ያልፈቱ ሕፃናት ነው። ሕፃናቱ እርስ በርስ ያወራሉ፣ አዋቂዎቹ ግን አንዲት ቃል አይገባቸውም። በጣም የሚያስቅ ነገር ነው። ይሄው ሰው ነው እንግዲህ ይቺን ምሥጢረኛ ሴት የፈጠረው።

የመጀመሪያዋ ብላክ ኦርኪድ ትበራለች፣ ጥይት አይበሳትም፣ መልኳንም እንደፈለገች ትለዋውጣለች። ማን እንደሆነችና ከየት እንደመጣች ግን አይነገርም ነበር። ጨዋታው እሱ ነበር፤ ታሪኩ ሲያልቅ አንዲት ሴት ጠፍታ ጭምብል ብቻ ይገኛል። በሌሎች መጽሔቶች ጀርባ ጥቂት ዓመት ቆየችና ተረሳች።

እንዴት ተመለሰች? በ1987 የአሜሪካው ኮሚክ አሳታሚ የዲሲ ኮሚክስ አርታኢ ካረን በርገር እንግሊዛዊ ጸሐፊ ፍለጋ ለንደን ሄደች። ጌይመን ያኔ በጋዜጠኝነት እንጀራውን የሚበላ ወጣት ነው። ማኪን ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከወጣ ገና ዓመቱ ነው። ሲነገር የኖረ ጨዋታ አለ፦ ጌይመን «ብላክ ኦርኪድ» ሲል ከአሳታሚው ወገን የነበረው ሰው «ብላክሆክ ኪድ? እሱ ደግሞ ማነው?» አለ ይባላል። የገዛ ገጸ ባሕርያቸው ናት እኮ!

ለእኔ ግን የመጽሐፉ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። ባትማንን ብትነካ ሺህ ሰው ይጮህብሃል። ማንም የማያስታውሳትን ሴት ስትወስድ የሚጮህ የለም። ስለዚህ በመጀመሪያ ምዕራፍ መግደል ትችላለህ። የቀድሞው ደራሲ ባዶ የተወውን ቦታ፣ ያንን «ማን ናት?» የሚለውን፣ በራስህ መንገድ መሙላት ትችላለህ። ጌይመን የሞላው በዕፅዋት ነው። ሟቿ ከሰው ዘርና ከተክል የበቀለች ነበረች። እሷ ስትሞት አንዲት እኅቷ የዕፅዋት ቤት ውስጥ ዓይኗን ትገልጣለች። ማን እንደሆነች አታውቅም። መጽሐፉ የእሷ ፍለጋ ነው።

«ታዲያ ይሄ መስረቅ አይደል?»

ይሄን የጠየቀኝ ልብስ ሰፊ ጓደኛዬ ነው፣ ዘፈን ያለ እሱ አይሆንም የሚል ሰው። «ወላሂ የሰው ዕቃ ነው ያነሱት» አለኝ።

«አምባሰል ዘፍነህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«እንዴ! ወሎዬ አይደለሁ?»

«ግጥሙን ከማን ሰረቅከው?»

ሳቀ። አምባሰል፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬ፤ ቅኝቱ የሁሉ ነው። አንዱ ለናፍቆት ይዘፍነዋል፣ አንዱ ለሠርግ፣ አንዱ ደግሞ አድማጩን እያየ እዚያው ግጥም ይፈጥርበታል። ተሰረቀ የሚል የለም። አድማጭ የሚጠይቀው «ዛሬስ ምን አመጣህ?» ነው።

ግን ጓደኛዬ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። አምባሰል ባለቤት የለውም፣ ብላክ ኦርኪድ ግን አላት። ባለቤቷ አሳታሚው ነው። ጌይመንና ማኪን በፈቃድና በክፍያ ነው የሠሩት። ስርቆት የለም። በአሜሪካ ኮሚክስ የዚያን ዘመን ልማድ ፈጣሪው ደመወዙን ይወስዳል፣ ገጸ ባሕርይዋ ከድርጅቱ ጋር ትቀራለች። ይሄ ሌላ ቅሬታ ነው፣ እኔም እጋራዋለሁ።

«ይሄ ሥዕል አይደለም፣ ፎቶ ነው። በኮምፒውተር ነካክተውታል»

ፎቶ ቤት ያላቸው ጋሼ ናቸው ያሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ፊት ሲያበሩና ሲያጠልሙ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ዝም ብዬ መከራከር አልቻልኩም። «አንተ ልጅ፣ ጥላውን እየው። እንዲህ ያለ ጥላ ከመብራት እንጂ ከብሩሽ አይመጣም» አሉ።

«ጋሼ፣ እስቲ ማጉያዎን ያምጡት» አልኳቸው።

የኔጋቲቭ ማያዋን ትንሿን ማጉያ ከመሳቢያ አወጡ። የሴትዮዋ ጉንጭ ላይ አደረጓት፣ አጎነበሱ። መጀመሪያ የማተሚያው ጥቃቅን ነጠብጣብ ይታያል። ትንሽ ሲቆዩ ግን ከሩቅ ቆዳ የመሰለው ነገር የብሩሽ ጭረት መሆኑ ይገለጣል። ጉንጩ የሚያልቅበት መስመር የለም፤ ከጀርባው ግራጫ ጋር ይቀልጣል። ጋሼ ረጅም ጊዜ ቀና አላሉም። ከዚያ በጥፍራቸው ገጹን ጫር አደረጉ፣ ቀለሙ የሚነሳ ይመስል።

እውነቱ በሁለታችን መሐል ነው። ማኪን ሰዎችን ቁጭ አድርጎ ፎቶ ያነሳ ነበር፣ ከፎቶው ላይ ተነስቶ ይሥላል። የመብራቱ ነገር ጋሼ ልክ ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን የለበትም። ፎቶሾፕ ለገበያ የወጣው በ1990 ነው፣ ይሄ ታሪክ ደግሞ ከዚያ በፊት በሦስት ክፍሉ ታትሞ አልቋል። ሰው የሚሳሳተው ማኪን ኋላ ላይ በኮምፒውተር ብዙ ስለሠራ ነው፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ሁሉንም በዚያ ዓይን ያያል። ከ1989 ጀምሮ ጌይመን ለጻፈው ለሌላው ኮሚክ፣ ለ«ሳንድማን»፣ የሠራቸው ሽፋኖች እንኳ መጀመሪያ ላይ ዕቃ በዕቃ ላይ ተደርድሮ፣ ተለጥፎ፣ ከዚያ ፎቶ የተነሳ ነበር።

ጋሼ አልተሸነፉም። «ቢሆንም መብራቱን ያውቃል» ብለው መለሱልኝ።

«ጨለማው የኅትመት ችግር ነው፣ ቀለም አልቆባቸው ነው»

ይሄን ብዙ ሰው ይለዋል፣ በተለይ ስልክ ላይ በፎቶ ያየው። እውነት ነው፣ ብዙው ገጽ ግራጫ ነው። ግድግዳው፣ ከተማው፣ የሰዎቹ ፊት ሳይቀር። ግን አንዴ አገላብጡትና ቀለም የት እንዳለ ፈልጉ። ሐምራዊው እሷ ጋ ነው። አበባው ጋ ነው። ወንበዴው፣ ቢሮው፣ ጎዳናው ሲመጣ ቀለም ይሸሻል፣ እሷ ስትመጣ ይመለሳል።

ሐምሌ ላይ ጉም ከጦሳ ወርዶ ደሴን ሲውጣት አስቡት። ቤቱ፣ ባጃጁ፣ ሰዉ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል። ያን ጊዜ ሐምራዊ ሻሽ ያሰረች ሴት ከወዲያ ማዶ ብትመጣ፣ ፊቷ ሳይለይ ዓይናችሁ እሷ ላይ ነው። ማኪን የሠራው ይሄንን ነው።

እኛም እንዲህ ያለ የሥዕል ሕግ አናጣም። በድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉው በጎን ይሣልና አንድ ዓይን ብቻ ይቀረዋል። ማንበብ የማይችል ገበሬ እንኳ ሥዕሉን አይቶ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። የማኪን ሕግ በዓይን ምትክ በቀለም ነው።

«ስሟ ብላክ ከሆነ ጥቁር ናት?»

አይደለችም፣ ሐምራዊ ናት። ኦርኪድ የአበባ ስም ነው። ጥቁር የሚባሉት የኦርኪድ ዓይነቶችም ብዙዎቹ ሲታዩ ጠቆር ያለ ቀይ ወይም ሐምራዊ ናቸው። ለነገሩ ኬክ ውስጥ የምንጨምረው ቫኒላም የኦርኪድ ዘር ነው።

«ባትማን ስላለበት የባትማን ነው»

ብቅ ብሎ ይጠፋል። ለእሱ ብላችሁ እንዳትዋሱኝ።

«በአንድ ስኒ ቡና ይነበባል»

መምህር ጓደኛዬ ከአቦል በፊት ጀምሮ ቶና ላይ ጨርሶ መለሰልኝ። «ቆንጆ ነው፣ ግን ታሪኩ አልገባኝም» አለ። የማይነበበውን ስላላነበበ ነዋ! ቃሉን ብቻ ተከትሎ ነው የሮጠው። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ቃል የሌለበት ሳጥን ሲመጣ ዝም ብሎ ማለፍ ዋጋ ያስከፍላል፣ ልጅቷ የምታስታውሰውና የምትጠረጥረው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። የፊደሉም ቅርጽ ይናገራል። ጽሑፉን በእጁ የጻፈው ቶድ ክላይን በዚህ ሙያ ስመ ጥር ነው። እንደገና እንዲያነበው ሰጠሁት፣ በዚህኛው ዙር በረካ ላይም አልጨረሰም።

«መጨረሻው የለም፣ አልጨረሱትም»

ታሪኩ ወደ አማዞን ደን ይሄዳል። መሣሪያ የያዙ ሰዎችም ተከትለው ይመጣሉ። ሱፐርሂሮ ካለ መጨረሻው ላይ ሕንፃ የሚያፈርስ ድብድብ ይኖራል ብሎ የጠበቀ ሰው ቅር ይለዋል፣ ድብድቡ የለምና። ጌይመን ግን ቃሉን ጠብቋል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ክፉው ሰው የተለመደውን አላደርግም አለ፣ በመጨረሻው ላይ ደግሞ መሣሪያ የያዙት ሰዎች ተራቸውን ያገኛሉ። ምን እንደሚሆን አልናገርም፣ ገና ወረፋ የያዙ አሉ።

አሁን መጽሐፏ ኮምቦልቻ ናት። ፎቶ ቤት ያሉት ጋሼ ለወንድማቸው ልጅ አሳልፈው ሰጥተውብኝ ነው፣ ሳይጠይቁኝ። ትናንት ደውዬ «ጋሼ፣ መቼ ትመለሳለች?» አልኳቸው።

«አብሽር» አሉኝ። «ልጁ ፎቶ ነው እያለ ይከራከረኛል። ማጉያዋን ልኬለታለሁ።»