በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ የክሪፕቶ ቦት፦ ኮንቴይነር የሚለየውና የማይለየው

የክሪፕቶ ገበያ አይዘጋም። ሌሊትም፣ እሁድም፣ በዓልም ቢሆን ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ያድራል። ሰው ግን መተኛት አለበት። ቦት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ቦት ዋጋውን ከኤክስቼንጁ (ክሪፕቶ ከሚገዛበትና ከሚሸጥበት መድረክ) እየተቀበለ፣ በተጻፈለት ስትራቴጂ መሠረት ራሱ የሚገዛና የሚሸጥ ፕሮግራም ነው።

ቦት የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ በአንድ አይቆምም። አንዱ ስትራቴጂ ዋጋው ወዲያ ወዲህ ሲዋልል ያዋጣል፤ ሌላው አቅጣጫ ይዞ ሲነጉድ። አንዱ በእውነተኛ ገንዘብ ይሠራል፤ ሌላው ገና በሙከራ ላይ ነው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ብሂል እዚህም ቦታ አለው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ማሽን ላይ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳይነካ ለማስኬድ የተለመደው መንገድ እያንዳንዱን ቦት በራሱ ኮንቴይነር ውስጥ ማስገባት ነው። መንገዱ ጥሩ ነው። ሆኖም ኮንቴይነር ፕሮግራሙን ይለያል እንጂ ገንዘቡን አይለይም። ይህን መዘንጋት ገንዘብ ያስከፍላል።

አጥሩ ከምን ተሠራ

ኮንቴይነርን በኮምፒውተር ውስጥ እንዳለ ትንሽ ኮምፒውተር የሚያስቡት ብዙ ናቸው። በእርግጥ ግን ተራ ፕሮግራም ነው፤ የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የስርዓቱ እምብርት፣ ዙሪያውን አጥሮለታል። ኔምስፔስ የሚባለው የከርነል ክፍል ፕሮግራሙ ምን እንደሚያይ ይወስናል፦ የትኞቹን ፋይሎች፣ የትኛውን ኔትወርክ። ሲግሩፕ ደግሞ ምን ያህል ሜሞሪና ፕሮሰሰር እንደሚጠቀም ይቆጣጠራል። ሲግሩፕ በጉግል መሐንዲሶች ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2008 ሊኑክስ ውስጥ ገባ። ነገሩን ለተራው ፕሮግራመር ያቀለለው ግን ኮንቴይነር የሚሠራውና የሚያስነሳው ዶከር የሚባል መሣሪያ ነው። ሰለሞን ሃይክስ እ.ኤ.አ. በማርች 2013 በአንድ የፓይተን ጉባኤ ላይ ለሕዝብ አሳየው።

ለቦት ባለቤት የመጀመሪያው ጥቅም የላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ) ጣጣን መገላገል ነው። ፍሪክትሬድ የሚባለውን እንውሰድ። በፓይተን የተጻፈ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ ቦት ነው። ከኤክስቼንጆች ጋር የሚነጋገረው ሲሲኤክስቲ በሚባል ላይብረሪ በኩል ነው። አንዱ ስትራቴጂ የቆየ ላይብረሪ ቢፈልግና ሌላው አዲሱን ቢፈልግ፣ ያለ ኮንቴይነር በአንድ ማሽን ላይ ማስማማት ራስ ምታት ነው። በኮንቴይነር ግን እያንዳንዱ የሚያስፈልገውን ይዞ ይመጣል። በአጠገቡ ሃሚንግቦትን ማስኬድም ይቻላል። ይህኛው የሚታወቀው በአንድ ጊዜ የመግዣም የመሸጫም ዋጋ እያቀረበ በመሃል ያለውን ልዩነት በመልቀም ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ መተዋወቅም የለባቸውም።

ቦቶቹን በአንድነት የሚያስተዳድረው ዶከር ኮምፖዝ ነው። በአንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ የእያንዳንዱ ቦት ስም፣ ኢሜጅ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት የተዘጋጀ ጥቅል)፣ ፎልደርና ፖርት (የኔትወርክ በር ቁጥር) ይዘረዘራል። አምስት ቦት ከአንድ ኢሜጅ ቢነሳ እንኳ ኢሜጁ ዲስክ ላይ የሚቀመጠው አንዴ ብቻ ነው።

ለየራስ መሆን ያለበት

እያንዳንዱ ቦት የራሱ የኮንፊግ ፋይልና የራሱ ዳታቤዝ ሊኖረው ይገባል። ዳታቤዙ ላይ ትንሽ እንቆይ። ፍሪክትሬድ የከፈታቸውን ግዢዎች በኤስኪውላይት ፋይል ይመዘግባል። ሁለት ቦት በስህተት አንድ ፋይል ላይ ከተጠቆሙ፣ አንዱ የሌላውን ግዢ እንደ ራሱ ይቆጥራል። ከዚያም በራሱ ስትራቴጂ ይሸጠዋል። ገዢው ሌላ፣ ሻጭ ሌላ። ማታ ሒሳቡን የሚያይ ሰው ምን እንደተፈጠረ ለመረዳት ሰዓታት ይፈጅበታል።

የዳታቤዙ ፋይል ከኮንቴይነሩ ውጭ፣ ቮልዩም በሚባል የሰርቨሩ ማስቀመጫ መቀመጥ አለበት። ኮንቴይነር ውስጥ የቀረ ዳታ ኮንቴይነሩ ሲሰረዝ አብሮ ይጠፋል። ኢሜጅ ማሻሻል ማለት ደግሞ አሮጌውን ኮንቴይነር ሰርዞ አዲስ ማስነሳት ነው። ስለዚህ ያለ ቮልዩም የተነሳ ቦት በመጀመሪያው ማሻሻያ ትዝታውን ያጣል። የገዛቸው ኮይኖች ግን ኤክስቼንጁ ላይ ባለቤት እንደሌላቸው ሆነው ይቀራሉ።

ቦቱ ከባለቤቱ ጋር በቴሌግራም የሚነጋገርበት ቶክን (የመግቢያ ኮድ) ለየራስ ነው፤ በአንድ ቶክን ሁለት ቦት መልእክት ሊጠብቅ ሲሞክር ቴሌግራም ግጭት አለ ብሎ ይመልሳል። ፖርትም እንዲሁ። የፍሪክትሬድ መቆጣጠሪያ ገጽ በተለምዶ 8080 ላይ ነው፤ ሁለተኛው ቦት ከውጭ 8081፣ ሦስተኛው 8082 ይሰጠዋል። እዚህ ጋ አንድ አደገኛ ወጥመድ አለ። ፖርቱ 127.0.0.1 ላይ (ከማሽኑ ውስጥ ብቻ በሚደረስበት አድራሻ) ካልታሰረ ዶከር ለዓለም ሁሉ ይከፍተዋል። ዶከር የራሱን የኔትወርክ ሕግ በቀጥታ ስለሚጽፍ፣ ኡቡንቱ ላይ ያለው ዩኤፍደብሊው ፋየርዎል «ዘግቻለሁ» እያለ እንኳ በሩ ክፍት ሊሆን ይችላል። ያ ገጽ የግዢና የሽያጭ ትእዛዝ የሚሰጥበት መሆኑን አስቡት።

አጥሩ የማይደርስባቸው

የመጀመሪያው ገንዘቡ ነው። ሁለት ቦት በአንድ የኤክስቼንጅ አካውንት ላይ ሲሠሩ፣ ሁለቱም ያለውን 1,000 ዶላር ያያሉ። ሁለቱም የኔ ነው ይላሉ። ፍሪክትሬድ ለዚህ ብሎ የየቦቱን መነሻ ካፒታል በቁጥር የሚወስን ቅንብር አለው። ያም ቢሆን ሁለቱ አንድ ዓይነት ኮይን ከገዙ ቀሪ ሒሳቡ ይደባለቃል፤ አንዱ ያስያዘው ስቶፕ ሎስ (ዋጋው ሲወርድ ኪሳራን ለመገደብ የሚሸጥ ትእዛዝ) የሌላውን ሽያጭ ሊያግድ ይችላል። እኔ የምመርጠው ኤክስቼንጁ ከፈቀደ ለእያንዳንዱ ቦት ንዑስ አካውንት መክፈት ነው። ካልሆነም ኮይኖቹን ከፋፍሎ መስጠት።

ሁለተኛው የአይፒ አድራሻ ነው። ኮንቴይነሮቹ ብዙ ቢሆኑም ከሰርቨሩ የሚወጡት በአንድ በር ነው። ባይናንስ የተባለው ኤክስቼንጅ በስፖት (ኮይን ወዲያው በሚገዛበትና በሚሸጥበት) ገበያው ላይ ለአንድ አይፒ በደቂቃ የ6,000 ክብደት ገደብ አለው፤ ከባድ ጥያቄ ብዙ ይቆጥራል፣ ቀላሉ ጥቂት። ገደቡ በቁልፍ ሳይሆን በአይፒ ስለሆነ አዲስ የኤፒአይ ቁልፍ (ቦቱ አካውንቱን የሚያዝበት ምስጢራዊ ኮድ) ማውጣት ምንም አይጠቅምም። ያለፈ ሰው 429 የሚል መልስ ያገኛል። ይህን ሳይሰማ ጥያቄ መላኩን ከቀጠለ 418 ይመጣል፤ ያ እገዳ ነው፣ ከ2 ደቂቃ እስከ 3 ቀን የሚደርስ። አንድ ስግብግብ ቦት ጎረቤቶቹን ሁሉ አብሮ ያሳግዳል ማለት ነው። የታገደ ቦት ደግሞ መሸጥም አይችልም።

ጥያቄው የሚበዛው ሰርቨሩ ሲነሳ ነው። ሁሉም ቦት በአንድ ጊዜ ያለፉትን ካንድሎች (የየጊዜውን የዋጋ መዝገብ) ለማውረድ ይሻማል። በየተራ፣ በመሃል ደቂቃ እየሰጡ ማስነሳት ይረዳል። ፍሪክትሬድ ከዚህ የተሻለም ዘዴ አለው፦ አንዱ ቦት አምራች ሆኖ ዳታውን ያወርዳል፣ ስሌቱንም ይሠራል፤ ሌሎቹ ከእሱ ይቀበላሉ።

ሰዓትም የጋራ ነው። ኮንቴይነር የራሱ ሰዓት የለውም፤ የሰርቨሩን ነው የሚያነበው። ባይናንስ የተፈረመ ጥያቄን የሚቀበለው በተለምዶ በ5,000 ሚሊሰከንድ ውስጥ ሲደርስ ነው። የሰርቨሩ ሰዓት ከዚያ በላይ ወደኋላ ከቀረ ሁሉም ቦቶች በአንድ ላይ ይቆማሉ።

ሜሞሪ ላይ ደግሞ ገደብ ካልተቀመጠ አጥሩ እንደሌለ ይቆጠራል። አንዱ ኮንቴይነር ውስጥ ስትራቴጂ በአሮጌ ዳታ የሚፈትን ከባድ ሥራ ቢነሳ ሜሞሪውን ይጨርሰዋል። ያኔ ከርነሉ አንድ ፕሮግራም መርጦ ይገድላል። የሚመረጠው ሁልጊዜ ጥፋተኛው ላይሆን ይችላል። ኮንቴይነር 137 በሚል ቁጥር ከቆመ ተገድዶ ነው የቆመው፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረውም ሜሞሪ ነው። ለየቦቱ የሜሞሪ ጣሪያ መስጠት በኮምፖዝ ፋይል ላይ አንድ መስመር ነው። ፈተናውንም እውነተኛ ገንዘብ ከሚነግድበት ሰርቨር ማራቅ ይሻላል።

ቁልፍ፣ ቨርሽን፣ ዳግም መነሳት

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ስሪኮማስ ከተባለው የቦት አገልግሎት ወደ 100,000 የሚጠጉ የኤፒአይ ቁልፎች ወጥተዋል፤ ድርጅቱም አምኗል። በራስ ሰርቨር ላይ መሥራት ይህን ሥጋት ይቀንሳል፣ ኃላፊነቱን ግን ወደ ባለቤቱ ያዞራል። ቁልፉ ገንዘብ የማውጣት ፈቃድ ሊኖረው አይገባም። ከሰርቨሩ አይፒ ብቻ እንዲሠራ መታሰርም አለበት፤ የሁሉም ቦቶች አይፒ አንድ መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ቁልፍን ኢሜጅ ውስጥ መጻፍ ፈጽሞ አይገባም። ኢሜጁን ያገኘ ሰው ሁሉ ያገኘዋልና።

«ሌተስት» የሚለው የኢሜጅ ስም ምቹ ይመስላል። ግን ዛሬ የወረደውና ከወር በኋላ የሚወርደው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ቨርሽኑን በቁጥር መጻፍ ይገባል። የማይመሳሰል ኮድ ምን እንደሚያደርስ ለማየት እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 የአሜሪካው የአክሲዮን ነጋዴ ድርጅት ናይት ካፒታል የደረሰበትን ማስታወስ ይበቃል። አዲሱ ኮድ ከ8 ሰርቨሮች በ7ቱ ላይ ተጫነ፣ አንዱ ተረሳ። በተረሳው ላይ ለዓመታት የተኛ አሮጌ ኮድ ነቃ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ድርጅቱ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ።

ዶከር የሞተ ቦትን መልሶ እንዲያስነሳ ማዘዝ ይቻላል። ቦቱን እንዲያቆም ሲታዘዝ ደግሞ ዶከር በተለምዶ 10 ሰከንድ ይጠብቅና በግድ ይገድለዋል። ቦቱ ሞቶ እስኪነሳ ድረስ ግን የተገዛው ኮይን ገበያው ላይ ነው። ስቶፕ ሎሱ በቦቱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ከሆነ በዚያ መሃል የሚጠብቅ የለም። ኤክስቼንጁ ላይ የተቀመጠ ስቶፕ ሎስ ግን ሰርቨሩ ቢጠፋም ይሠራል።

ሎግም (ቦቱ የሠራውን የሚጽፍበት መዝገብ) ችላ ከተባለ ዲስክ ይሞላል፤ የዶከር መደበኛ አመዘጋገብ መጠን ካልተወሰነለት ዝም ብሎ ያድጋል።

ከሁሉም የሚከብደው የጋራ ነገር ገበያው ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 12 እና 13 ቀን 2020 ቢትኮይን ከ7,900 ዶላር አካባቢ ተነስቶ ከ4,000 በታች ወረደ። ሌሎቹም ኮይኖች አብረውት ወደቁ። በዚያ ቀን አምስት ኮንቴይነር ውስጥ ያሉ አምስት ገዢ ቦቶች እንደ አንድ ቦት ናቸው። አምስቱም ባላ የተተከለው አንድ መሬት ላይ ነው። እያንዳንዱ ቦት የራሱን ኪሳራ ብቻ ስለሚያይ ድምሩን የሚያይ ሌላ ዓይን ያስፈልጋል። ትንሽ ፕሮግራም ይበቃል፦ የአካውንቶቹን ጠቅላላ ሒሳብ በየደቂቃው ያነባል፤ ከተወሰነው መስመር ሲወርድ በየቦቱ ኤፒአይ (ከሌላ ፕሮግራም ትእዛዝ በሚቀበልበት መስመር) በኩል አዲስ ግዢ እንዳይከፍቱ ያዛል፤ ለባለቤቱም መልእክት ይልካል። ይህ ፕሮግራም ብቻ ከቦቶቹ ጋር በአንድ ሰርቨር ላይ ባይቀመጥ ይመረጣል። ሰርቨሩ ሲወድቅ የሚናገረው እሱ ነውና።