ስለ ግሬት ቡክስ ፋውንዴሽን የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ግሬት ቡክስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ1947 በሺካጎ የተቋቋመ፣ ሰዎች ዘመን የተሻገሩ ድርሳናትን አንብበው በጋራ እንዲወያዩባቸው የሚሠራ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። ታሪኩ ሲነገር ግን ብዙ ነገር ይምታታል።

«54ቱን ጥራዞች ያሳተመው እርሱ ነው።» አይደለም። «የምዕራቡ ዓለም ታላላቅ መጻሕፍት» የተሰኘውን ባለ 54 ጥራዝ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ሲሆን፣ ሥራውም ሻጮች ቤት ለቤት እየዞሩ ያካሄዱት ንግድ ነበር። የፋውንዴሽኑ መሥራቾች፣ የሺካጎ ዩኒቨርሲቲን ይመሩ የነበሩት ሮበርት ሃቺንስ እና ፈላስፋው ሞርቲመር አድለር፣ በዚያ ስብስብ ዝግጅትም ስለ ተሳተፉ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም። ፋውንዴሽኑ ለውይይት ቡድኖቹ ያቀርብ የነበረው ግን በአነስተኛ ዋጋ የሚገኙ፣ ስስ ሽፋን ያላቸው የንባብ መጻሕፍትን ነው።

«ሐሳቡን ያፈለቁት ሃቺንስ እና አድለር ናቸው።» ሥሩ ከእነርሱ ይቀድማል። ጆን አርስኪን በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1920 የጀመሩት ትምህርት ተማሪዎች በየሳምንቱ አንድ ታላቅ ሥራ እንዲያነቡና እንዲከራከሩበት ያደርግ ነበር፤ አድለርም እዚያው ተምረው በኋላ ራሳቸው አስተምረውበታል።

«የውይይቱ መሪ መምህር ነው፤ ትክክለኛውን መልስ ያውቃል።» ይህ የድርጅቱን ጠባይ ከሥሩ የሚያዛባ በመሆኑ፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው። «የጋራ ምርመራ» ሊባል በሚችለው ዘዴ መሪው ይጠይቃል እንጂ አያስረዳም፤ የሚጠይቀውም ራሱ ቁርጥ ያለ መልስ ያላገኘለትን፣ ከጽሑፉ ተነሥቶ ከአንድ በላይ ምላሽ ሊሰጥበት የሚችል ጥያቄ ነው። ጽሑፉን ያላነበበ ሰው በውይይቱ አይሳተፍም፤ የተሳተፈም የታዋቂ ሐያሲን አስተያየት ጠቅሶ ማምለጥ አይችልም፣ ለሐሳቡ ከገጹ ማስረጃ ማቅረብ አለበትና። ለዚህም ነው ሙያቸው ሥነ ጽሑፍ ያልሆነ በጎ ፈቃደኞች ሥልጠና ወስደው ቡድኖችን መምራት የቻሉት።

«የባለጸጎች ጨዋታ ነበር።» ለዚህ ወሬ መነሻ የሆነው ሃቺንስ እና አድለር እ.ኤ.አ. በ1943 ለሺካጎ ነጋዴዎችና የሥራ ኃላፊዎች የከፈቱት ክፍል ሲሆን፣ «የወፍራሞቹ ክፍል» የሚል የፌዝ ስም ወጥቶለት ነበር። ንቅናቄው የተስፋፋው ግን ማንም ሰው ሊገባባቸው በሚችሉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው።

«ዝርዝሩ የምዕራባውያን ወንዶች ብቻ ነው» የሚለው ትችት ስለ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሆነ ከእውነቱ አይርቅም፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ኋላ ላይ የወጡት የንባብ ስብስቦች ግን ሴቶችንና የሌሎች ባህሎች ደራስያንን አካትተዋል። ድርጅቱ ለጎልማሶች ብቻ የቆመ የሚመስላቸውም አሉ፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለልጆች የተጀመረው መርሐ ግብር ያንኑ የመጠየቅ ዘዴ ወደ ትምህርት ቤቶች አስገብቶታል።