ኦይኬዮሲስ ምንድን ነው?

«ቤተኛ» የምንለው ሰው አለ። ሳያንኳኳ ይገባል፤ ውሃ ሲጠማው ራሱ ቀድቶ ይጠጣል፤ ቡና ሲፈላ ባይኖር «የት ጠፋ?» ይባላል። ኦይኬዮሲስ የሚለው የግሪክ ቃል ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኦይኮስ ቤት ነው፤ ኦይኬዮስ የቤት የሆነ፣ የራስ የሆነ፤ ኦይኬዮሲስ ደግሞ ቤተኛ ማድረግ። ስቶይኮች የሚባሉት ፈላስፎች ስለ ሥነ ምግባር ሲያስተምሩ ከዚህ ቃል ይነሱ ነበር። የስቶይኮችን ትምህርት የጀመረው ከቆጵሮስ የመጣው ዜኖን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ገደማ አቴና ገበያ ዳር፣ ግድግዳው ሥዕል ባለበት ባለ ዓምድ መመላለሻ ያስተምር ነበር፤ መመላለሻው በግሪክኛ ስቶአ ስለሚባል ተከታዮቹ በዚያው ተጠሩ።

ነገሩ የሚጀምረው ከራስ ነው፤ እንዲያውም ከእንስሳ። ሮማዊው ስቶይክ ሴኔካ እንደሚለው በጀርባዋ የተገለበጠች ኤሊ አያማትም፤ ግን በእግሯ እስክትቆም ዕረፍት የላትም። መቆም የሚለማመድ ሕፃንም ይወድቃል፤ ያለቅሳል፤ እያለቀሰም ደግሞ ይነሳል። ሕመም መሸሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁጭ ማለት ይሻለው ነበር። ፍጡር ሁሉ ሲወለድ ጀምሮ ለራሱ ቤተኛ ነው። ቀጥሎ ወላጅ ለልጁ ይሳሳል፤ ይህም ማንም ሳያስተምረው የሚመጣ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው፣ ማለትም ጎረቤትን፣ ባዳን፣ አይቶት የማያውቀውን ሰው የራስ ማድረግ፣ ያለ ልምምድ አይገኝም።

ልምምዱን በዝርዝር የጻፈው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ስቶይክ ሄሮክሌስ ነው። በእያንዳንዱ ሰው ዙሪያ 10 ክበቦች አሉ ይላል። መሃል ላይ አእምሮ ከነሰውነቱ አለ። በ2ኛው ወላጅ፣ ወንድምና እህት፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፤ በ3ኛው አያት፣ አጎት፣ አክስትና የእነሱ ልጆች፤ በ4ኛው የቀሩት ዘመዶች። ከዚያ የሰፈር ሰው፣ የነገድ ሰው፣ የከተማ ሰው፣ የአጎራባች ከተሞች ሰው፣ የአገር ሰው እያለ 10ኛው የሰውን ዘር በሙሉ ያቅፋል።

ሥራው ክበቦቹን ወደ መሃል መሳብ ነው። 10ኛውን አንስቶ 2ኛው ላይ መጣል ማለት ግን አይደለም፤ በ4ኛው ያለውን በ3ኛው እንዳለ፣ በ3ኛው ያለውን በ2ኛው እንዳለ መያዝ ነው። አንዱ ዘዴው አጠራር ነው፦ የአጎትን ልጅ ወንድም፣ አጎትን አባት፣ አክስትን እናት ማለት። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመማር አቴና መሄድ አያስፈልገውም። የታክሲ ረዳት እንኳ የማያውቃትን ሴት «እናት፣ ጠጋ በይልኝ» ይላታል፤ መልሷን ሳይሰጣት ሊያወርዳት ቢልም። ቃሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ተግባሩ ደጅ ሲቀር እንዲህ ነው። ለዚህ ሄሮክሌስ ሌላ ዘዴ አለው፦ ቦታ መለዋወጥ። አሳዳሪው ከአገልጋዩ ጋር እንዴት ልኑር ካለ፣ «እሱ አሳዳሪ፣ እኔ አገልጋይ ብሆን ምን እንዲያደርግልኝ እፈልግ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ።

ልሞክረው የሚል ሰው ክበቦቹን ወረቀት ላይ ይሳልና በየክበቡ የአንድ ሰው ስም ይጻፍ። ብዙውን ጊዜ እጅ የሚቆመው 5ኛው ላይ ነው፤ በየቀኑ በር የሚከፍትልን ዘበኛ ስሙ ማን ነበር? ከዚያ ይጀመር። ለሳምንት ያህል ለአንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ክበብ ገባ ብሎ ቢሆን ኖሮ የሚደረግለትን ማድረግ፦ ሲታመም መጠየቅ፣ ሲያዝን ለቅሶ መድረስ። ማታ ደግሞ ሴኔካ መብራቱ ከፊቱ ሲወሰድና ሚስቱ ዝም ስትል እንደሚያደርገው ቀኑን ከጠዋት እስከ ማታ መመርመር፤ ያደረጉትንም የተናገሩትንም ከራስ ሳይደብቁ።

የሚበላሸው በሁለት በኩል ነው። አንዱ ዘሎ ውጪ መውጣት ነው፤ ስለ ሰው ልጅ ሁሉ እየተቆረቆሩ እናትን ሳይደውሉላት መክረም። ክበቡ የሚሳበው ወደ ውስጥ ስለሆነ ውስጡ ባዶ ከሆነ የውጪው የሚጠጋበት የለም። ሌላው መሃሉን መርሳት ነው፤ ሳይተኛና ሳይበላ የሚያገለግል ሰው 1ኛውን ክበብ ከወረቀቱ ፍቆታል።

ከሁሉ የከበደውን ጥያቄ ያነሱት ግን የስቶይኮች የጥንት ተቃዋሚዎች ናቸው። ሰው በሩቅ አገር ያለውን ባዳ እንደ ራሱ አይወድም፤ መርከብ ቢሰበርና አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ሳንቃ ቢገኝ ምን ይደረጋል? አሉ። የሮድሱ ስቶይክ ሄካቶን ይህን አልሸሸውም። ሳንቃው ሕይወቱ ለራሱ ወይም ለአገር ይበልጥ ለሚጠቅመው ይለቀቅ አለ። እኩል ከሆኑስ? አይጣሉም፤ ዕጣ እንደወጣበት ወይም በጨዋታ እንደተሸነፈ ሰው አንዱ ለሌላው ይለቃል።