«ስኳሩ ለቀቀኝ» ከማለታችሁ በፊት ኩላሊታችሁን ታዩ

አክስቴ የምትኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ኢንሱሊን መወጋት ከጀመረች 15 ዓመት አልፏታል። ፍሪጅ ስለሌላት መድኃኒቱን የምታስቀምጠው ጓዳ፣ እርጥብ አሸዋ ባለበት ገንቦ ውስጥ ነው። ዘንድሮ ቡና እያፈላች «አልሐምዱሊላህ፣ ስኳሩ ለቀቀኝ» አለችኝ። የምትወጋውን በራሷ ግማሽ አድርጋዋለች፣ ያም ሆኖ ስኳሯ ይወርዳል። ጎረቤት ሁሉ የአብሹ ውሃ ነው ያዳናት ብሏል። ሌሊት ላብ አጥምቋት እየተንቀጠቀጠች እንደምትነቃ የነገረችኝ ግን በረካው ላይ ደርሰን ነው። ስትመረመር ክሬቲኒኗ፣ ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፣ ከፍ ብሎ ተገኘ። ኩላሊቷ ደክሟል።

ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ኩላሊት የሚለውን ልብ ብዬ እሰማለሁ። ብዙው ስህተት ነው።

«የኩላሊት ሥራ ሽንት ማውጣት ነው።» ይሄ ግማሹ ነው። ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፣ በሽንት የሚወጣው ግን አንድ ሁለት ሊትር ነው። በዚህ መሀል ሆርሞንም ከደም ያስወግዳሉ። ሆርሞን መልእክት ነው፤ ካደረሰ በኋላ ካልጠፋ ትእዛዙ አይቆምም። ከቆሽት የሚወጣውን ስኳር አውራጅ ሆርሞን፣ ኢንሱሊንን፣ መጀመሪያ ጉበት ግማሽ ያህሉን ያስቀረዋል፣ ከተረፈው ብዙውን ኩላሊት ያጠፋዋል። በመርፌ የተወሰደው ግን ጉበት ሳይቀድመው ደም ውስጥ ስለሚገባ፣ ሸክሙ ይበልጥ ኩላሊት ላይ ይወድቃል።

«እና በሽንት ይወጣላ!» አይ። ኢንሱሊን ማጣሪያውን ካለፈ በኋላ የኩላሊት ቀጫጭን ቱቦዎች ሴሎች ውጠው ይሰባብሩታል፣ ፍርፋሪው አሚኖ አሲድ ሆኖ ወደ ደም ይመለሳል። ሽንት ውስጥ የሚገኘው ከመቶ 1 እንኳ አይሞላም። ሁሉም ሆርሞን ግን እንዲህ አይደለም። የእርግዝና ምርመራ በሽንት የሚሠራው የእርግዝናው ሆርሞን ከፊሉ ሳይሰባበር ስለሚወጣ ነው።

«ብዙ ውሃ ከጠጣሁ ሆርሞኔ ይታጠባል።» አይታጠብም። ሽንቱ ይቀጥናል እንጂ ሴሎቹ ፈጥነው አይሠሩም። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ውሃ ማብዛት ጭራሽ ሊጎዳው ይችላል።

«ስኳር ወረደ ማለት በሽታው ለቀቀ ማለት ነው።» እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። ኩላሊት ሲደክም የተወጉት ኢንሱሊን ቶሎ አይጠፋም፣ ደም ውስጥ እየቆየ ስኳር ያወርዳል። በዚያ ላይ ጤነኛ ኩላሊት ሳንበላ በምንቆይበት ሰዓት ራሱ ስኳር እየሠራ ወደ ደም ይለቃል፣ የደከመው ግን ይህንንም አይችልም። ስለዚህ በሁለት በኩል ነው የሚወርደው። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር በሽታ ኪኒን የሚውጡም ያው አደጋ አለባቸው፣ እሱም ኩላሊት ሲደክም ይጠራቀማል። አብሽ ጠጥታችሁም ሆነ ሳትጠጡ፣ ስኳራችሁ ያለ ምክንያት መውረድ ከጀመረ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቁሙ፣ መጠኑን ሐኪም ያስተካክለው። የረመዳንን ጾም ለመያዝ ያሰባችሁም ከወሩ በፊት አማክሩ።

«ጎኔን ካላመመኝ ኩላሊቴ ደህና ነው።» የጎን ሕመም ብዙ ጊዜ የጠጠር ወይም የኢንፌክሽን ነው። ስኳር ኩላሊትን የሚጎዳው ድምፅ ሳያሰማ ነው። የሚያጋልጠው የደም ክሬቲኒን እና የሽንት አልቡሚን (ፕሮቲን) ምርመራ ነው፣ ስኳር ያለበት ሰው ቢያንስ በዓመት አንዴ ሁለቱንም ይመርመር።

የአክስቴን መጠን ሐኪሙ ቀነሰላት፣ ክትትልም ጀምራለች። አሁን ማታ ማታ ከትራሷ አጠገብ ስኳር የተበጠበጠበት አንድ ብርጭቆ ውሃ ተከድኖ ያድራል።